የማክሰኞ ጠርሙሶች

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከአንኮበር በሚመጣው አውቶቡስ፣
ከዶሮና ከገብስ ጆንያ መሀል ይወርዳል ጠርሙስ።
ረዳቱ ይጣራል፦ «የዝናቧ ልጅ! ነይ ውሰጂ ጠበልሽን!»
ሰው ይስቃል። እስቃለሁ እኔም፣ ብርዱ እያጋጨ ጥርሴን።

በፕላስተሩ ላይ፣ በእርሳስ፣ የጋሽ ማሙሸት ጽሕፈት፦
«ሌሊት ዘነበ። በረዶ የለውም። ዐሥራ አንድ ነጥብ ሦስት።
አንዲት ትንኝ ገብታ ነበር፤ በሣር ጫፍ አወጣኋት።
ነፍስ አላት።»

እኔ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሼ፣
«ከየት ነሽ? ማን ሸኘሽ? መንገድ ላይስ ምን ነካሽ?» እያልሁ
በአንዲት ጠብታ ላይ ችሎት እቀመጣለሁ፣ መልሷን እየፈራሁ።

ዝናብ ንጹሕ ነው ይሉን ነበር። ንጹሑም ቢሆን ግን
አየሩን ሲያልፍ ትንፋሽ ይጠጣል፣ የከብቱን፣ የሰዉን፤
ማንም ሳይበድለው በጥቂቱ ይኮመጥጣል።
አምስት ነጥብ ስድስት። ይህ ጥፋት አይደለም፣ ጠባዩ ነው፤
ከዚያ ሲወርድ ነው «ማነው?» የሚባለው።

የአንኮበሩ ስድስት ነጥብ አንድ።
የቆላው አቧራ ነው፣ ኖራ ያዘለው፣
እንደ ሽማግሌ መሀል ገብቶ አሲዱን ያስታረቀው።

ግን ጨው ነበረበት።

ደወልሁ፦ «ጋሼ፣ ውኃውን በእጅዎ ነክተውታል?»
ዝም አሉ። የተራራ ዝምታ በስልክም ነፋሱ ይሰማል።
«የላክሽው ጓንት ቢቀደድ በፌስታል ነው የምይዘው።
ላቤን ለመንግሥት የምልክ ሰው አስመሰልሽኝ፤ ምነው?»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ጠርሙስ ቀየርሁ። በተጣራ ውኃ አጠብሁ።
በየካቲት፣ በመጋቢት፣ በበልጉ ሁሉ ያንኑ ጨው አገኘሁ።
አካፈልሁት በመጨረሻ፣ ክሎራይዱን ለሶዲየሙ፤
የባሕር አሻራ ሆኖ ወጣ፤ በዓለም ሁሉ አንድ ነው ቅመሙ።

ባሕር! እዚህ! ዓሣ በጾም ክርክር ብቻ በሚነሣበት ደጋ!
በአፋር ሰማይ ተጉዞ፣ ገደሉን ወጥቶ፣ በር ሳያንኳኳ፣ ሳይጠጋ!

ከታች አልዩ አምባ አለ። ድሮ አሞሌው በግመል እየተጫነ፣
በየኬላው እየተቀረጠ፣ ጨው እንደ ብር ገንዘብ ሆነ።
ለካ ያን ጊዜም ከነጋዴው ራስ በላይ ሌላ ሲራራ ያልፍ ነበር፣
ግመል የሌለው፣ ቀረጥ የማያውቅ፣ ከማዕበል እስከ ገብስ አገር።

ደስ ብሎኝ ስልኩን ሳነሣ
ሁለተኛው ጠርሙስ ዐይኔ ገባ፤ የራሳችን፣ ከጣሪያችን የተቀዳው።
አራት ነጥብ ሰባት።

ጨው የለውም ማለት ይቻላል። ሰልፌት አለው። ናይትሬት አለው።
ይህን ግመል አላመጣውም፤ ባሕርም አልላከው።
ከቦይለሩ ነው፣ ዳገቱን እያቃሰተ ከሚወጣው ከባድ መኪና፣
ወንድሜን ከቀጠረው ጭስ ማውጫ፤ ብርድ ልብሴም ከዚያው ነውና።

እማማ ትርንጎ አምና የገዙት ቆርቆሮ ዘንድሮ ዛገ።
«የቻይና ነው» ይላሉ።
ምናልባት የቻይና ነው። ምናልባት።
ቁጥሩን በኪሴ ይዤ «እግዜር ይማርልዎ» ብዬ አለፍሁ፣
ቆርቆሮ የታመመ ይመስል።

ማታ ደወልሁ። ስለ ባሕሩ ነገርኋቸው፤ ስለ እኛው ግን አልነገርሁም።
ነፋሱ ብዙ ተናገረ። ከዚያ እሳቸው፦ «ባሕርን አይቼው አላውቅም።
ስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ
ራሴ ላይ ሲወርድ ኖሯል በይኛ!»

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠርሙሱ ባዶውን መጣ፤
ቢሆንም ታሽጓል፣ ተጠቅልሏል፣ ትነት እንኳ እንዳይወጣ።
በፕላስተሩ ላይ፣ በእርሳስ፦
«ዜሮ ነጥብ ዜሮ። ባሕሩ ዳገቱን አልወጣም በዚህ ሳምንት።
የእናንተስ?»